ማታ አንድ ሰዓት፦ የሰባት ቀን ማስታወሻ ከሐዋሳ

ሐሙስ፣ ኅዳር 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ሚኒባሱ ሞልቶ ከቃሊቲ መናኸሪያ ሲወጣ ጠዋት ሁለት ሰዓት አልፏል። እግሬ ሥር አንድ ካርቶን የተረት መጽሐፍ አለ። ጭኔ ላይ ዘጠኝ የፕላስቲክ ኩባያ የያዘ ፌስታል። "ቀለማቸው አንዱ ካንዱ እንዳይመሳሰል፣ አደራ" ብላኛለች ጓደኛዬ። ዘጠኝ ቀለም ለማግኘት መርካቶን ግማሽ ቀን ዞሬያለሁ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ማታ ነው።

ጓደኛዬ ነርስ ናት። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ አብረን ነን። ሐዋሳ ከገባች ሰባት ዓመቷ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ በኋላ አንድ ግቢ ትሄዳለች። እዚያ ወላጆቻቸውን ያጡ፣ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ዘጠኝ ልጆች ይኖራሉ። ትንሹ አምስት ዓመቱ ነው። ትልቁ አሥራ ስምንት። "የዓመት ፈቃድሽን ውሰጂና መጥተሽ አንብቢላቸው" ካለችኝ ሁለት ዓመት ሆነ። ዘንድሮ ሆነልኝ።

የማንንም ስም አልጽፍም። ሰፈሩንም አልጠቅስም። ጎረቤቱ ልጆቹ ወላጅ እንደሌላቸው ያውቃል፤ ስለ ሌላው አያውቅም። ሥራው ሲጀመር ተከራይተውት ከነበረው ቤት ወሬው ወጥቶ በአሥራ አምስት ቀን ልቀቁ ተብለዋል። ልጆቹ ዳግመኛ ፍራሽ ተሸክመው እንዲወጡ አልፈልግም።

መንገዱ ቆንጆ ነው። ሞጆን አልፈን ወደ ደቡብ ታጠፍን። መቂ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም በየመንገዱ ዳር ተቆልሏል። ባቱ ላይ ሻይ ጠጣን። ሬዲዮው ስለ ፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ያወራል፣ ተሳፋሪው ሁሉ ጆሮውን ሰጥቷል። እኔ የማየው ከባድ መኪኖቹን ነበር። ይህ መንገድ እስከ ሞያሌ ይወርዳል። ኤችአይቪ በአገራችን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተስፋፋው እንዲህ ባሉ፣ ሹፌርና ረዳት በሚያድርባቸው የመንገድ ዳር ከተሞች በኩል ነው።

ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሰፈራችን ድንኳን ሳይተከል ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም። "በምን ሞተ?" ሲባል "ሳንባ ነው" ይባላል። ወይ "ታይፎይድ"። የአክስቴ ልጅ በ1995 እንደዚያ ሄደች። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው ጥር 1997 ነው። ሁለት ዓመት አልሞላም። ይህንን ቁጥር እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ስለዚህ በሐሳቤ የሣልኩት አልጋ ላይ የተኙ ልጆች ነበር። በሩ ሲከፈት የተቀበለኝ ግን ኳስ ነው። ጉልበቴን መትቶ ተመለሰ። ባለቤቱ ሮጦ መጥቶ "ይቅርታ ቲቸር!" አለኝ። አስተማሪ አይደለሁም። መጽሐፍ ይዤ እንደምመጣ ስለሰሙ ግን ቲቸር ሆኜ ቀረሁ።

የቤቱ እናት እቴቴ ትባላለች። ልጆቹ እንዲህ ነው የሚጠሯት፤ እኔም ተከተልኳቸው። አምሳዎቹን የተሻገረች፣ አጭር፣ ስትራመድ ቁልፍ የሚንሿሿባት ሴት ናት። ከሳሎኑ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል ሰጠችኝ። የስፌት መኪና አለ፣ የጥናት ጠረጴዛ አለ፣ ግድግዳው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ተለጥፏል።

"ይቺ ክፍል ድሮ የሕመምተኛ ክፍል ነበረች" አለችኝ አንሶላውን እያነጠፈች። "እዚህ አሥራ አንድ ልጅ ሸኝቻለሁ። የመጨረሻው በ2000 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።" ከዚያ ትራሱን ሁለቴ ጠፍጠፍ አደረገችና ወጣች።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ የስልኳ ማንቂያ ጮኸ። ግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ ያዘውን ጥሎ መጣ። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ኩባያዎቹ ተደርድረዋል። ያመጣኋቸው ናቸው። ቢጫው የእሱ፣ ወይን ጠጁ የእሷ፣ አረንጓዴው የትልቁ። ቁም ሣጥኑ በቁልፍ ተከፈተ። እቴቴ የእያንዳንዱን ፍሬ በየኩባያው ክዳን ላይ አስቀመጠች። ክዳኑ ለዚህ ነበር። ቀለሙም ለዚህ ነበር። የአንዱ መድኃኒት ከሌላው እንዳይለዋወጥ።

ለትንሹ የሚሰጠው ፍሬ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። በማንኪያ አማሰለችለት። ሽታው እንጆሪ እንጆሪ ይላል። ጭልጥ አድርጎ ጠጣና ኩባያውን ገልብጦ አሳየን። ድሮ ለትንንሾቹ የሚሰጠው ሽሮፕ በጣም መራራ እንደነበር እቴቴ ነገረችኝ። ያስመልሱታል። ካስመለሱ እንደገና መስጠት ነው። "እያለቀሱ እኔም እያለቀስኩ" አለች። ይህ የሚሟሟው የሕፃናት ዶሉተግራቪር እውቅና ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። የአዋቂዎቹ ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ ወጥቷል። ለሕፃናት የሚሆነው መድኃኒት ሁልጊዜ ለምን ወደኋላ እንደሚቀር ማሰብ ያማል።

ዓርብ፣ ኅዳር 9

ቤቱ የሚነሳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሚመጣ ፊት መታጠቢያው ጆግ ተቆጥሮ ነው። ትልልቆቹ ትንንሾቹን ያለብሳሉ። ቁርስ ፍርፍርና ሻይ ነበር። ለሁለቱ ቀጫጮች ብቻ ከቁርስ በፊት ወፍራም አጥሚት ተሰጠ። እቴቴ ክብደታቸውን በየሳምንቱ መዝግባ ትይዛለች። መድኃኒቱ የሚሰጠው በክብደት ስለሆነ ልጅ ኪሎ ሲጨምር መጠኑም አብሮ ይለወጣል።

እናታቸው ሆድ ውስጥ፣ በወሊድ ወይም በጡት ነው ሁሉም የተያዙት። ያ ያሳለፉት ጊዜ አካላቸው ላይ ይታያል። አሥራ አራት ዓመት የሞላው ልጅ የአሥር ዓመት ይመስላል። የአንዷ ልጅ ጆሮ ለዓመታት ይመግል ስለነበር በቀኝ በኩል አትሰማም፤ ሲያናግሯት ወደ ግራዋ ይዞራሉ፣ ማንም ሳያዛቸው። አንዱ ጎኑ ላይ የአልማዝ ባለጭራ ጠባሳ አለው። ከዚያ ውጭ ልጆች ናቸው። ካልሲ ይጠፋቸዋል።

ትምህርት ቤት ሸኘኋቸው። ከዚህ በፊት አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ወሬ የሰማ መምህር አንደኛዋን ልጅ ለብቻዋ ወንበር ላይ አስቀምጧት ነበር። ዓመቱን ሙሉ። ልጅቷ ለእቴቴ አልነገረችም፤ ስለ ረበሽኩ ነው ብላ አምና። አሁን ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ታምኖ የተመረጠ።

ከዘጠኙ አንዱ ሙስሊም ነው። ዛሬ ዓርብ ስለሆነ ዘበኛው አባባ ጁምዓ ይዘውት ሄዱ። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው። መስጊዱ በር ላይ ቁጭ ብለው ጠብቀው ያመጡታል። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ማንበብ ጀመርን። የጅብና የአህያዋ ተረት ላይ ስንደርስ ውጭ ጩኸት ሰማን። የስምንት ዓመቱ ልጅ ኳስ ሲያባርር ወድቆ ጉልበቱ ተልጧል። ሮጬ ሄድኩ። እጄን ስዘረጋ ወደ ኋላው ሸሸ።

"አትንኪኝ ቲቸር። ደም አለኝ።"

ቁስሉን በሁለት መዳፉ ሸፍኖ ይዟል። አያለቅስም። ይህ ልጅ ምን እንዳለበት ገና አልተነገረውም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደም ሲኖር ሌላ ሰው መራቅ አለበት። ትልቁ ልጅ ጓንትና ውሃ ይዞ መጣ፣ አጠበው፣ ጠቀለለው። እኔ ትከሻውን አቅፌ ተቀመጥኩ። ጤነኛ ቆዳ ላይ የነካ ደም አያስይዝም፤ ይህንን አውቃለሁ። እሱ ግን እጄን እያየ "ታጠቢ እሺ?" አለኝ። ስምንት ዓመቱ ነው። ለእኔ እየተጠነቀቀልኝ ነው።

ማታ ይህንን ለጓደኛዬ ነገርኳት። ዝም አለች። "ለእሱም የመንገሪያው ጊዜ ደርሷል ማለት ነው" አለች በመጨረሻ። "ቀድሞ የሚደርሰው ፍርሃቱ ነው።"

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10

ልብስ አጠባ፣ ሹሩባ፣ ጥፍር ቆረጣ። ሁሉም የየራሱ ጥፍር መቁረጫ አለው፣ በስሙ ከረጢት ውስጥ።

ከሰዓት ወደ ሐይቁ ወረድን። አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ቆመው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። ትንሹ አንዱን አባ ኮዳ "ጋሼ" ብሎ ጠራው። ሾርባና የተጠበሰ ዓሣ በላን። ጥሬው ለእነሱ ክልክል ነው። አላጉረመረሙም።

ትልቁ ልጅ ከእኔና ከጓደኛዬ ጋር ወደ ኋላ ቀረ። ቴክኒክና ሙያ ብየዳ ተምሯል። ሥራ አግኝቷል። ረቡዕ ከቤቱ ይወጣል፤ አንድ ክፍል ተከራይቷል። እቃ ስለ መግዛት ሲያወራ ነበር። ድንገት ዞር ብሎ ጓደኛዬን ጠየቃት።

"ሲስተር፣ ያ ያልሽኝ ነገር እውነት ነው አይደል?"

"የቱ?"

"ምርመራ ላይ ካልታየ አይተላለፍም ያልሽው።"

"እውነት ነው። መድኃኒትህን ሳታቋርጥ ከወሰድክ፣ ቫይረሱም በምርመራ የማይታይ ሆኖ ከቆየ፣ በግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም።"

"ልጅስ?"

"ልጅም ትወልዳለህ። ነፃ የሆነ።"

ትንሽ ሄደን ደግሞ ጠየቃት። ባጃጅ ውስጥ ሦስተኛ ጠየቃት። ሦስቴም በተመሳሳይ ቃል መለሰችለት፣ ሳትሰለች። አንዲት ልጅ አለች መሰለኝ። አልጠየቅኩትም።

እሑድ፣ ኅዳር 11

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን። ከዚያ የአንደኛዋ ልጅ አክስት መጣች፣ ሙዝ ይዛ። በየሁለት ሳምንቱ ትመጣለች። ልጅቷን ወደ ራሷ ቤት ለመውሰድ ከማኅበራዊ ሠራተኛው ጋር ንግግር ላይ ናት። አሠራሩም ይህንን ነው የሚፈልገው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአማራጭ ሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ ልጅ መጀመሪያ ዘመድ ጋ፣ ካልሆነ በሌላ ቤተሰብ ውስጥ እንዲያድግ ይላል። ተቋም የመጨረሻው ነው። የውጭ ጉዲፈቻም በ2010 ዓ.ም. በሕግ ቀርቷል። በወረቀት ትክክል ነው፣ እኔም ልጅ ከዘመዱ ጋር ቢያድግ እመርጣለሁ። ግን አክስትየው ሦስት ልጆች አሏት፣ ባሏ ደግሞ አያውቅም። "እሱን እንዴት ብዬ ልንገረው?" ስትል ሰማኋት ለእቴቴ። ዘመድ አለ ማለትና የሚቀበል ቤት አለ ማለት ይለያያል።

ከሰዓት ጀምሮ ወንዶቹ አንድ ወሬ ብቻ ነው የሚያወሩት። የዓለም ዋንጫ ዛሬ ይጀምራል። ኳታር ከኢኳዶር። ጨዋታው ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ማታ አንድ ሰዓት!

ልመናው ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ነው። "እቴቴ አምስት ደቂቃ ብቻ።" "እቴቴ ለዛሬ።" እሷ ምጣዱ ላይ ነች። እንጀራ ጋግራ ለሁለት ምግብ ቤት ትሸጣለች፤ ረጂዎች ስለቀነሱ የቤቱ ጤፍ የሚሸፈነው እንዲሁ ነው። "አይሆንም" ትላለች ቀና ሳትል። ጓደኛዬ በጎን ነገረችኝ፤ ትንሽ ደቂቃ ቢዘገይ ጉዳት የለውም። እቴቴም ታውቃለች። "ዛሬ አምስት ደቂቃ፣ ነገ አንድ ሰዓት፣ ከነገ ወዲያ ቀኑ ራሱ ይዘለላል" አለችኝ። "ከእኔ ዘንድ ሲወጡ ይዘውት የሚሄዱት ሌላ ሀብት የላቸውም። ይቺን ሰዓት ነው የማወርሳቸው።"

አንድ ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ከጓዳ ስትወጣ ግን ኩባያዎቹን በትሪ ይዛ ነበር። ሳሎን አመጣችው። ጮቤ ረገጡ። ማንቂያው ጮኸ፣ ዳኛው ነፋ፣ ዘጠኝ እጅ ወደ ትሪው። ሙስሊሙ ልጅ ለኳታር ነው፣ የቀሩት ለኢኳዶር። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ቫሌንሲያ በጭንቅላቱ አገባ። ውሃው ገና አፋቸው ውስጥ ነው። ቤቱ ተናወጠ። አንዱ ትን ብሎት ጀርባውን ደበደብነው። ጎሉ ተሻረ። ኳታሩ ብቻውን ሶፋ ላይ ዘለለ። እቴቴ ኳሱን አታይም። ክዳኖቹን አንድ በአንድ እያነሳች ባዶ መሆናቸውን ታያለች።

ቫሌንሲያ በኋላ ሁለት አገባ።

ሰኞ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን ነው ዛሬ። አባባ ጠዋት ተነስተው ቅጠሉን ሰብስበው ሊያቃጥሉ ነበር። እቴቴ ከለከለቻቸው። የአሥራ አራት ዓመቱ ልጅ ሳንባ ነቀርሳ ታሞ የዳነ ነው፤ ጭስ ሳል ያስነሳበታል። "እንግዲያው ጠርገን እናውጣው" አሉ አባባ። አንድ ፍም እጣን ብቻ በር ላይ ተደረገ።

ልጆቹ ለምን እንደሚታጠን ጠየቁ። እቴቴ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ከአያቷ የሰማችውን ነገረቻቸው። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር በሽታ ገባ። የዓለሙ ሁሉ ኢንፍሉዌንዛ ነበር። አዲስ አበባ ብቻ ብዙ ሺህ ሰው ሞተ። ተፈሪ መኮንንም ታመው ነበር፣ ተረፉ። ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሆነ።

ጥያቄ የምታበዛው የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጅ ናት። "ያኔም ወላጅ የሌላቸው ልጆች ነበሩ?"

"ነበሩ እንጂ።"

"ማን አሳደጋቸው?"

"የተረፈው ሰው።"

አንገቷን ነቀነቀች። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ መልሱ የበቃት መሰለኝ።

የአሥራ አራት ዓመቱ ልጅ መድኃኒቱን ጠዋትም ማታም ይወስዳል። ሁለተኛ መስመር የሚሉት ላይ ነው። ከመምጣቱ በፊት አያቱ ጋ ነበር። አያቱ በጣም ይወዱት ነበር፤ ስለሚወዱትም ጠበል ወሰዱት። ጠበሉ ቦታ መድኃኒቱን አቁም ተባለ። ስምንት ወር። ሲመለስ ሠላሳ እርምጃ መራመድ አይችልም ነበር፣ የመጀመሪያው መድኃኒትም አልሠራለት አለ። ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ከተናገረች ቆይታለች። ቃሉ ግን ለአያትየው አልደረሳቸውም። ልጁ አያቱን አይወቅስም። ባለፈው ፋሲካ ካገኘው የኪስ ገንዘብ ነጠላ ገዝቶ ልኮላቸዋል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13

ሐኪም ቤት ቀን። ሦስት ልጆች ቀጠሮ አላቸው፤ ጥያቄ የምታበዛዋ አንዷ ናት። ዛሬ ሊነገራት ነው። እቴቴ ሌሊቱን እንዳልተኛች ዓይኗ ይናገራል።

እስካሁን የተባለችው "ደምሽ ደካማ ስለሆነ የሚያጠነክር መድኃኒት" ነው። ባለሙያዎቹ ልጅ ትምህርት ቤት ከገባ ጀምሮ በየዕድሜው ትንሽ ትንሽ እያለ እንዲነገረውና አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሙሉውን እንዲያውቅ ይመክራሉ። ዛሬ ስሙ ይጠራል።

እኔ ወደ ክፍሉ አልገባሁም። መግባትም አልነበረብኝም። ውጭ ከሁለቱ ልጆች ጋር ተቀመጥኩ። ከምሳ በኋላ ስለነበር መጠበቂያው አዳራሽ ውስጥ ቴሌቪዥን አርጀንቲናን ከሳዑዲ ያሳያል። ሜሲ በፍጹም ቅጣት ምት አግብቶ ሰው ሁሉ ጨዋታው አበቃ ብሏል። በሩ እንደተዘጋ ነው። ከእረፍት በኋላ ሳዑዲ አንድ አገባች። ወዲያው ሁለተኛ። አዳራሹ ሁሉ ብድግ አለ። ካርዳቸውን ደረታቸው ላይ የያዙ ሰዎች፣ ሻሻቸውን እስከ ዓይናቸው ያወረዱ ሴቶች፣ ሁሉም። በሩ አሁንም ተዘግቷል።

ሲከፈት መጀመሪያ የወጣችው እቴቴ ናት። ነጠላዋ ረጥቧል። ልጅቷ ከኋላ ወጣች፣ ደረቅ ዓይን፣ የእቴቴን እጅ ይዛ። እንደ አዋቂ።

የሦስት ወር መድኃኒት ተሰጣቸው። እቴቴ ከቦርሳዋ ጥጥ አወጣች። የእያንዳንዱን ብልቃጥ ክዳን ከፍታ ጥጥ ጠቀጠቀችበት። ባጃጅ ውስጥ ሲንገጫገጭ ፍሬው እንዳይንሿሿ ነው። ያንን ድምፅ የሚያውቅ ያውቀዋል። አዳራሹ ውስጥ ሌሎችም እንዲሁ ሲያደርጉ አየሁ፤ ጥጥ ያልያዘ በሶፍት። ማንም ማንንም ቀና ብሎ አያይም።

ማታ ከመድኃኒት በኋላ ክፍሌ መጣች። የስፌት መኪናው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዚህ በታች የምጽፈውን እንድጽፍ እሷም እቴቴም ፈቅደውልኛል።

"ቲቸር፣ አንቺ ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

"ከመቼ?"

"ከመምጣቴ በፊት።"

"እኔ አምና ነው ያወቅኩት። ሐኪም ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለውን አነበብኩታ። የመድኃኒቱ ስም ተጽፏል። የእኔ ነው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"እቴቴ እንዳታለቅስ።"

ዓመት ሙሉ። አሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ያሳደገቻትን ሴት ከእንባ ለማዳን ምስጢሩን ብቻዋን ተሸክማ፣ ማታ ማታ "የደም ማጠንከሪያ" እየዋጠች። እኛ አዋቂዎች ልጆቹን የምንጠብቅ ይመስለናል።

ክፍል ውስጥ የጠየቀችው ስለ ራሷ አልነበረም። "እናቴም ይሄ ነበራት?" ነው ያለችው። ነበራት። "ታዲያ ለምን አልወሰደችም?"

ልጅቷ የተወለደችው በ2004 ዓ.ም. ነው። ነፍሰ ጡር ቫይረሱ እንደተገኘባት ወዲያው ዕድሜ ልኳን የምትወስደውን መድኃኒት የምትጀምርበት አሠራር በአገራችን የመጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። እናትየው የወለደችው ቤቷ ነው፣ ሳትመረመር። እናት ታክማ ብትሆን ወደ ልጅ የመተላለፉ ዕድል ከመቶ አምስት በታች ይወርድ ነበር። ካልታከሙ ደግሞ ቫይረሱ ከያዛቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ሁለት ዓመት አይሞላቸውም። ይህንን ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እንዴት ይነግሩታል?

ጓደኛዬ አልነገረቻትም። ካርዷን አወጣች። የመጀመሪያውን ገጽ፣ ጠርዙ የተበላውን። ልጅቷ የዓመት ከስድስት ወር ሆና፣ ስድስት ኪሎ እየመዘነች የተከፈተውን። ከላይ በእስክሪብቶ አንድ መስመር አለ።

"ያመጣት፦ እናት።"

እናትየው ራሷ መቆም በማትችልበት ጊዜ ልጇን ተሸክማ መጥታለች። ከሦስት ወር በኋላ አረፈች። ልጅቷ መድኃኒት ጀምራ ነበር።

"ጣቴን አደረግኩበት" አለችኝ። "እናት የሚለው ላይ።" ከዚያ ጣቷን አየችው። "የእሷን ጽሑፍ መስሎኝ ነበር። ሲስተር ግን ነርሷ ናት የጻፈችው አለችኝ። ይሁን።"

ተነሳች። በሩ ላይ ቆማ የጅቡን ተረት ነገ እንድጨርስላት ጠየቀችኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 14

ነገ የነቢያት ጾም ይገባል። ዛሬም ረቡዕ ስለሆነ ጾም ነው። ምስር ወጥ ተሠራ። ቤቱ ከጠዋት ጀምሮ ቁሌት ቁሌት ይሸታል። ትልቁ ልጅ የሚወጣው ዛሬ ነው፤ ወጡ ለሽኝቱ ነው።

እቃው አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ባልዲ ነው። የብየዳ መነጽሩን ለብቻ በጨርቅ ጠቅልሎታል። አረንጓዴውን ኩባያም ይውሰድ ተባለ። መድኃኒቱን የት እንደሚያስቀምጥ ከእቴቴ ጋር ጓዳ ገብተው ተነጋገሩ። አከራዩዋ ክፍል ትገባለች? ቁልፍ አለው? ስኳር እቃ ውስጥ ይሻላል ወይስ መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ? አንድ ወጣት የመጀመሪያ ቤቱን ሲገባ ምን ያህል ነገር ማሰብ አለበት! ይህ ግን ከሁሉም በላይ የከበደው ነው። የመሣሪያ ሳጥኑ ተመረጠ። ብረት ስለሚንሿሿ ፍሬው አይሰማም።

የቤቱ ሥራ እስከ ዛሬ ልጅ ማትረፍ ነበር። ተርፈዋል። አሁን ከተማው ውስጥ የሚገቡ ጎልማሶች ናቸው። ተከራይ፣ ሠራተኛ፣ እጮኛ ሊሆኑ ነው። መድኃኒቱ ድርሻውን ተወጥቷል፤ የቀረው እኛ ጋ ነው። አከራዩዋ ጋ፣ የሥራ ባልደረባው ጋ፣ ያቺ ልጅ ጋ። ምስሩን እየበላሁ የማስበው ይህንን ነበር፣ ጉሮሮዬ ላይ እየቆመ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባጃጅ መጣ። ትንንሾቹ ፍራሹን ካልያዝን ብለው ተጣሉ። አባባ መረቁት። እቴቴ አላለቀሰችም፤ ኮሌታውን አስተካከለችለት፣ እንደገና አስተካከለችለት። "በየቀኑ አልደውልልህም" አለችው። "ሰው ነህ አሁን። ስትወስድ ሚስኮል አድርግልኝ። ሁለቴ ጠርቶ ይቆም። ሰባት ቀን ብቻ። ከዚያ አትደውል።"

"እሺ እቴቴ።"

ጥያቄ የምታበዛዋ ባጃጁን እስከ ጥግ ድረስ ተከተለችው።

ማታ አንድ ሰዓት ማንቂያው ጮኸ። ስምንት ኩባያ። ትንሹ አሟሙቶ ጠጣና ገልብጦ አሳየን። የእቴቴ ስልክ ጠረጴዛው መሀል ተቀምጧል። አንድ ሰዓት ከሁለት። ከአራት። ማንም ከጠረጴዛው አልተነሳም። "ካርድ የለው ይሆናል" አለ የአሥራ አራት ዓመቱ። "ሚስኮልም እኮ ካርድ ይፈልጋል።" ከሰባት። ጥያቄ የምታበዛዋ ስልኩን በጣቷ ነካ አደረገችው፣ ማያው በራ፣ ጠፋ።

ከዘጠኝ ላይ ጠራ። አንዴ። ሁለቴ። ቆመ።

እቴቴ ስልኩን አላነሳችውም። ኩባያዎቹን ሰብስባ ወደ ማጠቢያው ሄደች።